ሂንዱይዝምና ቡድሂዝም የጥንቱን ኅብረተሰብ እንዴት ቀረጹት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ስለ እምነቱ ትምህርት ብዙ አያወሩም። የሚያወሩት መሬት በማን እጅ እንደገባ፣ ውሃ እንዴት እንደተገደበ፣ ገንዘብ የት ተቀምጦ እንደወለደ፣ ማን ከማን ጋር እንደበላ ነው። እኛ እንደምናየው ሁለቱም ሃይማኖቶች የሕዝቡን ኑሮ የለወጡት ከስብከት ይልቅ በስጦታ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡድሂዝም ከሂንዱይዝም የተገነጠለ ነው?

እንዲያ ማለት ያሳስታል። ጎተማ ቡድሃ በጋንጋ ወንዝ ሜዳ ሲያስተምር፣ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ፣ ሂንዱይዝም የሚባል አንድ ወጥ ሃይማኖት ገና አልነበረም። የነበረው ብራህሚን የሚባሉ ካህናት ቬዳ የሚባሉትን ቅዱሳት መዝሙሮች እያዜሙ በእሳት ላይ መሥዋዕት የሚያቀርቡበት ሥርዓት ነው። ቡድሃ የቬዳን ሥልጣንና የእንስሳ መሥዋዕቱን አልተቀበለም፤ ከሞት በኋላ ዳግም መወለድንና ካርማን (የሰው ሥራ ውጤት ወደሚቀጥለው ሕይወት ይከተለዋል የሚለውን) ግን ተቀብሏል። ዛሬ የሂንዱ መለያ የምንላቸው ቤተ መቅደስ፣ የአማልክት ሐውልትና ሥጋ አለመብላት የዳበሩት ከዚያ በኋላ፣ ከቡድሂስቶችና ጄይን ከሚባለው ሌላ የሕንድ ሃይማኖት ተከታዮች ጋር በጉርብትና ሲኖሩ ነው።

የካስት ሥርዓት እንዴት ይሠራ ነበር? ቡድሂዝምስ አፈረሰው?

ሁለት ነገር ይቀላቀላል። አንዱ በሪግ ቬዳ 10ኛ መጽሐፍ ላይ የተነገረው የአራት መደብ ክፍፍል ነው፤ ካህናቱ ብራህሚን፣ ገዥዎቹና ተዋጊዎቹ ክሻትሪያ፣ አራሹና ነጋዴው ቫይሽያ፣ አገልጋዩ ሹድራ። ይህ ንድፍ ነው። ሰው በየቀኑ የሚኖርበት ግን ጃቲ የሚባለው ነው፤ በመወለድ የሚገቡበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሙያ ጋር የተያያዘ፣ በሺዎች የሚቆጠር ቡድን። ጃቲ የሚወስነው ከማን ጋር እንደምትጋባና ከማን እጅ እንደምትበላ ነው። ከአራቱ መደብ ውጭ የተደረጉም ነበሩ። በ400 ዓ.ም. ገደማ ሕንድን የዞረው ቻይናዊው መነኩሴ ፋሺያን እንደጻፈው፣ ቻንዳላ የሚባሉት ሰዎች ወደ ከተማ ሲገቡ ሌላው ሰው እንዳይነካቸው እንጨት እያንኳኩ መምጣታቸውን ያሳውቁ ነበር።

ቡድሂዝም ይህን በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ለውጦታል። እዚያ ቅድሚያ የሚሰጠው በመነኮሱበት ጊዜ እንጂ በትውልድ አይደለም። ፀጉር አስተካካዩ ኡፓሊ የቡድሃ ወገን ከሆኑት ከሻክያ መሳፍንት ቀድሞ እንዲመነኩስ የተደረገው እነሱ እንዲሰግዱለት ነው ይላል ትውፊቱ። ከቅጥሩ ውጭ ግን ጋብቻውም ማዕዱም እንደነበረ ቀጠለ።

ደግሞም በሩ ለሁሉም አልተከፈተም። ሙሉ መነኩሴ ለመሆን 20 ዓመት መሙላትና የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሥርዓቱ የሚፈጸመው ቢያንስ 10 መነኮሳት በተገኙበት ሲሆን ራቅ ባለ ጠረፍ 5 ይበቃሉ። ባለዕዳ፣ ባሪያና በንጉሥ አገልግሎት ላይ ያለ ወታደር አይመነኩስም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አበዳሪው፣ ጌታውና ንጉሡ ከተቆጡ ምጽዋት የሚሰጥ አይኖርም። የወታደሩ ክልከላ የመጣው የማጋዳው ንጉሥ ቢምቢሳራ ወታደሮቹ ከጦር ሜዳ ሸሽተው እየመነኮሱ ነው ብሎ ስላማረረ እንደሆነ የገዳሙ ሕግ መጽሐፍ ራሱ ይተርካል።

መነኮሳቱ ለምነው የሚያድሩ ከሆነ ገዳማቱ እንዴት ሀብታም ሆኑ?

ነገሩ የጀመረው ከዝናብ ነው። መነኩሴ ከመንደር መንደር ይዞራል፤ በክረምት ግን ቡቃያ እንዳይረግጥና ነፍሳት እንዳይገድል ለሦስት ወር አንድ ቦታ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ሦስት ወር የሚቀመጥ ሰው ጣሪያ ይፈልጋል። ጣሪያ ያለው ቦታ ጠባቂ ይፈልጋል፣ ጠባቂው ቀለብ ይፈልጋል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ቋሚ ገዳም ተወለደ። መነኩሴው በግሉ ከሦስት ልብስ፣ ከምጽዋት ሳህንና ከጥቂት ዕቃ ሌላ የለውም። ማኅበሩ ግን መሬትም ሕንፃም ሊኖረው ይችላል።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚሠራ በጣም ግልጽ አድርጎ የሚያሳየው በምዕራብ ሕንድ፣ ናሲክ አጠገብ ባለ ዋሻ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ነው። በ120 ዓ.ም. ገደማ ኡሻቫዳታ የሚባል መኰንን ዋሻውን ካስፈለፈለ በኋላ 3,000 ካሃፓና የሚባል የብር ሳንቲም ሰጠ። ገንዘቡን ለመነኮሳቱ አላስጨበጠም። 2,000ውን ለአንድ የሸማኔዎች ማኅበር በወር 1 በመቶ ወለድ፣ 1,000ውን ለሌላ የሸማኔዎች ማኅበር በወር ሦስት አራተኛ በመቶ ሰጠ። ዋናው አይመለስም፣ አይነካም፤ የሚበላው ወለዱ ብቻ ነው። ሒሳቡን ብትሠሩት ልክ ይመጣል። ከ2,000ው በዓመት 240 ይወጣል፤ እሱም በዋሻው ለሚከርሙ 20 መነኮሳት ለእያንዳንዳቸው 12 ካሃፓና የልብስ መግዣ ይሆናል። ከ1,000ው የሚገኘው 90 ደግሞ ለሌላ ጥቃቅን ወጪ ነው። ስጦታው በከተማው ጉባኤ ፊት መታወጁና መመዝገቡም ተጽፏል።

ማኅበር የተመረጠው ሰው ሲሞት ማኅበር ስለማይሞት ነው። ሸማኔው መነሻ ገንዘብ አገኘ፣ መነኩሴው ልብስ አገኘ፣ ሰጪው በድንጋይ ላይ ስሙን ተከለ። ሰጪዎቹም ባለሥልጣን ብቻ አልነበሩም። ሳንቺ በሚገኘው ታላቁ ስቱፓ (ቅዱስ ቅርስ የሚቀመጥበት ጉልላት መሰል ጉብታ) አካባቢ ከ600 በላይ የሰጪዎች ጽሑፍ አለ፤ ነጋዴው፣ ባለሙያው፣ ብዙ ሴቶችና ራሳቸው መነኮሳይያቱ ሳይቀሩ አንድ ድንጋይ፣ አንድ አግዳሚ እያሉ ሰጥተዋል። ከደቡቡ በር አንዱን ምሰሶ የቀረጹት የቪዲሻ ከተማ የዝሆን ጥርስ ሠራተኞች ናቸው።

ድክመቱም ከዚሁ ይመጣል። ንግድ ሲቀዘቅዝ ወለዱም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በኋላ የመጡት ታላላቅ ገዳማት ወደ መሬት ዞሩ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የቤንጋሉ ንጉሥ ዴቫፓላ፣ ከባሕር ማዶ የሱማትራው ገዥ ባላፑትራዴቫ በታወቀው የትምህርት ማእከል በናላንዳ ላሠራው ገዳም አምስት መንደሮች ሰጥቷል። የመንደሮቹ ግብር ከዚያ በኋላ ለገዳሙ ነው፤ ጉልትን ለሚያውቅ አንባቢ አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም።

አሾካ በእርግጥ ሰላማዊ ንጉሥ ነበር?

ሰላማዊ የሆነው ከጦርነት በኋላ ነው። ከ268 እስከ 232 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ የገዛው ይህ የማውርያ ንጉሥ በነገሠ በ8ኛው ዓመት በምሥራቅ ሕንድ ያለችውን ካሊንጋን ወረረ። 150,000 ሰው ተማርኮ እንደተጋዘ፣ 100,000 እንደተገደለ፣ ከዚያም ብዙ እጥፍ እንዳለቀ በድንጋይ ላይ ያስጻፈው ራሱ ነው፤ መጸጸቱንም እዚያው ጽፏል። አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ። የተፈናቀሉትን ወደ አገራቸው እንደመለሰ አልተናገረም፤ ለጫካ ነዋሪዎችም ንጉሡ ቢጸጸትም ኃይል እንዳለው ያስጠነቅቃል።

ተግባሩን ከጽሑፎቹ ነጥሎ ማየት ይቻላል። ለሰውና ለእንስሳ ሕክምና አዘጋጀ፣ መድኃኒት ዕፅ በሌለበት አስመጥቶ አስተከለ፣ በመንገድ ዳር ጉድጓድ አስቆፈረ፣ ዛፍ አስተከለ። በቤተ መንግሥቱ ማዕድ ቤት ቀድሞ በየቀኑ ይታረድ የነበረው እጅግ ብዙ እንስሳ ወደ ሦስት ወረደ፤ ሁለት ጣዎስና አንድ አጋዘን፣ አጋዘኑም ዘወትር አይደለም። ቡድሃ በተወለደበት በሉምቢኒ ደግሞ የመንደሩን አንዱን ግብር ሰርዞ የምርቱን ድርሻ ወደ ስምንት እጅ አንድ ዝቅ አድርጎታል።

ጽሑፎቹን በየአካባቢው መግባቢያ ነው ያስቀረጸው። በአብዛኛው ሕንድ በብራህሚ ፊደል፣ በሰሜን ምዕራብ በኻሮሽቲ፣ በካንዳሃር በግሪክና በአራማይክ። በኋላ ብራህሚን ማንበብ የሚችል ጠፋ፤ የተፈታው በ1837 በጄምስ ፕሪንሴፕ ነው። በሳርናት ያለው የአራት አንበሶች ሐውልቱ ዛሬ የሕንድ መንግሥት አርማ ነው።

የሂንዱ ቤተ መቅደስ ከጸሎት ሌላ ምን ሥራ ነበረው?

ባንክ፣ አሠሪ፣ ጎተራና መድረክ ነበር። ምርጡ ማስረጃ ከጥንቱ ዘመን ትንሽ ዝቅ ይላል፤ በደቡብ ሕንድ የቾላው ንጉሥ ቀዳማዊ ራጃራጃ በታንጃቩር አሠርቶ በ1010 የፈጸመው ሺቫ ለሚባለው አምላክ የሆነ ቤተ መቅደስ ነው። ግድግዳው የሒሳብ መዝገብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከየአገሩ ተመርጠው የመጡ 400 የቤተ መቅደስ ሴቶች ስማቸው፣ የመጡበት ቦታና የተሰጣቸው ቤት አንድ በአንድ ተጽፏል፤ የእያንዳንዷ ድርሻ በዓመት 100 ካላም (የእህል መስፈሪያ) ያልተፈተገ ሩዝ ነው። ቤተ መቅደሱ ለመንደር ጉባኤዎች በዓመት 12.5 በመቶ ወለድ ያበድር ነበር።

የመብራቱ ነገር በተለይ ይገርማል። ሌት ተቀን የማይጠፋ አንድ መብራት ለመስጠት የፈለገ ሰው 96 በግ ያስረክባል። በጎቹ ለእረኛ ይሰጣሉ፤ እረኛው በየቀኑ አንድ ኡላኩ የሚባል መስፈሪያ ቅቤ ያስገባል፤ ወተቱና ግልገሉ የሱ ነው። የበጎቹ ቁጥር ግን ምንጊዜም 96 ሆኖ መቆየት ስላለበት ጽሑፎቹ «የማይሞቱ፣ የማያረጁ በጎች» ይሏቸዋል። በሽታ መንጋውን ቢፈጅ ኪሳራው የእረኛው ነው፤ እሱ ባይኖር ዘመዶቹ በዋስትና ተመዝግበዋል።

ሁለቱ እምነቶች ያለ ጦርነት ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ እንዴት ደረሱ?

በነፋስ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። መርከብ በአንዱ ነፋስ ሄዶ ነፋሱ እስኪገለበጥ ወራት ይጠብቃል። የሚጠብቅ ነጋዴ ቤት ይሠራል፣ ያገባል፣ ካህኑን ያስመጣል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የአካባቢው ገዥዎች ሆነ፤ ከጎረቤት አለቆች ልቀው መታየት ሲፈልጉ ሥርዓተ ንግሥ የሚያውቅ፣ ዘመን የሚቆጥር፣ በሳንስክሪት (በሕንድ የሊቃውንት ቋንቋ) የሚጽፍ ብራህሚን ፈለጉ። በቦርኒዮ በ400 ዓ.ም. ገደማ ሙላቫርማን የሚባል ንጉሥ ለብራህሚኖች 20,000 ከብት እንደሰጠ በድንጋይ ምሰሶ አስጽፏል። ምሰሶው ስጦታ ነገሥታትን እንዴት እንዳነገሠ ያሳያል።

የወሰዱት መርጠው ነው። አማልክቱን፣ ፊደሉን፣ የጀግናውን ልዑል የራማን ታሪክ፣ የንጉሥ ማዕረጉን ወሰዱ፤ የካስቱን የጋብቻና የማዕድ ክልከላ ግን በሕንድ እንዳለው አድርገው አላስገቡም። የክመር፣ የታይ፣ የበርማና የጃቫ ፊደላት ሁሉም የብራህሚ ዘሮች ናቸው። ከዚያ አካባቢ የመጣ ሌላም ነገር አለ፤ ከካምቦዲያ የተገኘ የ683 ዓ.ም. ጽሑፍ ዓመቱን በሕንድ አቆጣጠር ሲጽፍ ዜሮን እንደ አኃዝ ተጠቅሟል።

በካምቦዲያ የነበረው የክመር ነገሥታት ዋና ከተማ አንኮር ያን ያህል ትልቅ ከሆነ ለምን ተተወ?

ትልቅ ስለሆነ ነው የሚለው መልስ ግማሽ እውነት አለው። በ1186 የተጻፈው የታ ፕሮም ገዳም ጽሑፍ በቅጥሩ ውስጥ የማደር መብት ያላቸውን 12,640 ሰዎች፣ ከነሱም 615 ጨፋሪ ሴቶችን ይቆጥራል፤ ይህን ሁሉ የሚቀልቡና የሚያገለግሉ ወደ 80,000 የሚጠጉ ሰዎች በ3,140 መንደሮች ተመድበዋል። ይህ አንድ ገዳም ብቻ ነው! ያሠራው ቡድሂስቱ ንጉሥ ሰባተኛ ጃያቫርማን 102 ሆስፒታሎችም ነበሩት።

ይህን የሚያኖረው ሩዝ ነው፣ ሩዙን የሚያኖረው ውሃ ነው። ምዕራባዊው ባራይ የሚባለው የውሃ ማጠራቀሚያ 8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 2.1 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። አብዛኛው ሰው የተቆፈረ ይመስለዋል፤ እንዲያ አይደለም፤ በአራቱም በኩል የአፈር ግድብ ተነሥቶ ውሃው ከመሬት ወለል በላይ እንዲቆም ነው የተደረገው። ጥቅሙ ዝቅ ወዳለው እርሻ ያለ ጉልበት መውረዱ ነው። ችግሩ ወንዙ ደለል ይዞ ይመጣል፣ ቦዩ ይሞላል፣ ካልተጠረገ ውሃው ራሱ መንገድ ይቀዳል። በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለዐሥርተ ዓመታት የዘለቀ ድርቅ መጣ፤ በመሐሉ ደግሞ ከባድ ዝናብ። በድርቁ ወቅት እንዲያገለግሉ የተቀየሩት ቦዮች ጎርፉን መቻል አቃታቸው፤ ተሸረሸሩ፣ በአሸዋም ተደፈኑ። የጎረቤቱ የታይ መንግሥት የአዩታያ ጦር በ1431 ሲይዛት ከተማዋ ቀድሞውኑ ተዳክማ ነበር።

በዚህ መሐል እምነቱም ተለውጧል። በ1296 የመጣው የቻይና መልእክተኛ ጆ ዳጓን ራሳቸውን የተላጩ፣ ቢጫ ልብስ የለበሱ፣ በቀን አንዴ የሚበሉ መነኮሳት አይቷል። የነሱ የእንጨት ገዳም ከመንደሩ ምጽዋት ይኖራል፤ ሦስት ሺህ መንደር አይጠይቅም። የድንጋዩ ቤተ መቅደስ ሲቀር እነሱ ያልቀሩት ለዚህ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቪሽኑ ለሚባለው የሂንዱ አምላክ የተሠራው አንኮር ዋትም የቡድሂስቶች ሆኖ ዛሬም ያገለግላል።

በምዕራብ ሕንድ፣ በኤሎራ ያለው ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ከላሊበላ ጋር ይገናኛል?

የሚያገናኛቸው ማስረጃ የለም። ካይላሳ የሚባለው የኤሎራው በ8ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይ በራሽትራኩታው ንጉሥ ቀዳማዊ ክሪሽና ዘመን ተፈለፈለ። የአሠራሩ መመሳሰል ከችግሩ መመሳሰል የመጣ ነው። ከላይ ወደ ታች ስትፈለፍል መወጣጫ አያስፈልግህም፤ የቆምክበት ዓለት ራሱ መቆሚያህ ነው። በምትኩ ጫፉን ስትጀምር መሠረቱ የት እንደሚያርፍ ማወቅ አለብህ፤ የተሰበረውን መልሶ መግጠም የለም። በኤሎራ ካሉት 34 ዋሻዎች 12ቱ የቡድሂስት፣ 17ቱ የሂንዱ፣ 5ቱ የጄይን ናቸው።

ቡድሂዝም ከተወለደበት አገር ለምን ጠፋ?

ሁሉንም በ1200 ገደማ ናላንዳን ባጠፋው የሙስሊሙ የጦር አዝማች የባኽትያር ኻልጂ ጦር ላይ መጣል የተለመደ ነው። ጦሩ የመታው ግን አስቀድሞ ጠቦ የነበረውን ነገር ነው። ብራህሚኑ በየመንደሩ ነበር፤ ሕፃን ሲወለድ፣ ጋብቻ ሲፈጸም፣ ሰው ሲሞት የሚጠራው እሱ ነው። ቡድሂስት ነኝ ያለ ገበሬ እንኳ ለሠርጉ ብራህሚን ይጠራ ነበር። ነገሥታቱም ከጉፕታ ነገሥታት ዘመን (ከ4ኛው እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን) ወዲህ መሬት ለብራህሚኖች አብዝተው መስጠት ጀመሩ፤ ቡድሃም ከቪሽኑ መገለጦች አንዱ ተብሎ ተቆጠረ። መነኮሳቱ ጥቂት ግዙፍ ገዳማት ውስጥ ተሰብስበው በንጉሥ እጅ ሲያድሩ፣ ገዳማቱ ሲመቱ መንደር ውስጥ የሚተካቸው አልነበረም።

ቻይና ላይ አደጋው በሌላ በኩል መጣ። ገዳማቱ ግብር የማይከፍል መሬትና በሐውልት መልክ የተቀመጠ ብዙ ነሐስ ያዙ። በ845 ንጉሠ ነገሥት ዉዞንግ ከ4,600 በላይ ገዳማት አዘጋ፤ 260,500 መነኮሳትና መነኮሳይያት ወደ ግብር ከፋይነት ተመለሱ፤ ነሐሱ ሳንቲም ሆነ፣ ብረቱ የእርሻ መሣሪያ ሆነ።

ሕንድና እምነቶቿ ከኢትዮጵያ ጋር ግንኙነት ነበራቸው?

በንግድ በኩል አዎ። የ1ኛው ክፍለ ዘመን የመርከበኞች መመሪያ ከሕንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ወደ አዱሊስ ይገባ እንደነበር ይናገራል። በ1940 በደብረ ዳሞ ከ100 በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ኩሻኖች ደግሞ በሰሜን ሕንድና በአፍጋኒስታን ቡድሂዝምን ከደገፉት ገዥዎች ናቸው። በሶቆጥራ ደሴት በሆቅ ዋሻ የሕንድ መርከበኞች በብራህሚ ፊደል ስማቸውን ሲጽፉ፣ የአክሱም ሰዎችም በዚያው ዋሻ ጽፈዋል። ይህ ግን ሳንቲም፣ ዕቃና ስም ነው፤ እምነቱ አክሱም ውስጥ ተከታይ እንደነበረው አያሳይም።

ሌላው መንገድ በመጽሐፍ ነው። ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ አይቶ ዓለምን የናቀው የልዑሉ የቡድሃ ታሪክ በፋርስና በዓረብ አገር አልፎ ክርስቲያናዊ ገድል ሆነ። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም በ1553 ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት ባራላምና ይዋስፍ እሱ ነው።

በሙዚየም ወይም በጉዞ ላይ ምስሎቹን እንዴት ልለያቸው?

መጀመሪያ እጅ ቁጠሩ። አራት እጅ ይዞ ቀንድ አውጣ መሰል መለከት፣ ክብ መንኰራኩር፣ ዱላና ሎተስ የያዘ ቪሽኑ ነው። ሦስት ጥርስ ያለው ጦር፣ በግንባሩ ላይ ሦስተኛ ዓይን፣ ከፊቱ የተኛ በሬ ካለ ሺቫ ነው። ቡድሃ ሁለት እጅ፣ ረዘም ያለ የጆሮ ጫፍና በአናቱ ላይ ጉብታ አለው፤ ቀኝ እጁ መሬት የሚነካ ከሆነ ብርሃን ያገኘበትን ሌሊት ያሳያል። በብዛት የሚያሳስተው የጄይኖቹ ምስል ነው፤ እሱም ቁጭ ብሎ ያሰላስላል፣ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ዕራቁቱን ነው ወይም ደረቱ መሐል ላይ ጌጥ መሰል ምልክት አለው። ስቱፓ ጋ ስትደርሱ ሁልጊዜ በስተቀኛችሁ እያደረጋችሁ ዙሩ። በየምግብ ቤቱ የምታዩት ቦርጫሙ ሳቂታ ግን ታሪካዊው ቡድሃ አይደለም፤ በ10ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት ከረጢት ተሸካሚ ቻይናዊ መነኩሴ ነው።